የሸጡትን ፕሪአምፕ መልሶ መግዛት ያዋጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ሙዚቃ መሣሪያና ድምፅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የምኖረው ጅማ ነው፤ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ አለ፤ በሳምንቱ መሃል ደግሞ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ እንሠራለን። ከዓመታት በፊት ኤዲኤ ኤምፒ-1 የሚባለው የራክ (ሣጥን ውስጥ የሚታሰር) ፕሪአምፕ ነበረኝ። ከነሣጥኑ መሸከሙ ሰለቸኝ፤ ከኋላው የነበረው ፓወር አምፕም (ስፒከሩን የሚገፋው ማጉያ) ተቃጠለና ሸጥኩት። አሁን ከአሜሪካ የመጣ ሰው ያንኑ ሞዴል ይዞ መጥቷል። የሚጠይቀው ዋጋ አንድ አዲስ መካከለኛ መልቲኢፌክት (ብዙ የጊታር ኢፌክቶችን በአንድ የያዘ ዕቃ) ይገዛል። ድምፁ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? ከገዛሁስ ምን ምን አይቼ ልግዛ?
አንባቢ፣ ከጅማ ቆጪ

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ዕቃውን የሸጡባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ አንዱም ስለ ድምፁ አይደለም። ሣጥኑ ከበደዎት፤ ከኋላው የነበረው ማጉያ ተቃጠለ። ሁለቱ ጉዳዮች ዛሬም እንዳሉ ከሆነ ፕሪአምፑን መልሰው ቢገዙትም ዓመት ሳይሞላው ደግመው ይሸጡታል። ስለዚህ የመሣሪያውን ጤንነት ለጊዜው እንተወውና ከኋላው ምን እንደሚሰኩ እናስቀድም።

ፕሪአምፕ የጊታሩን ደካማ ሲግናል ተቀብሎ ቀለም ይሰጠዋል፣ «ላይን» ወደሚባለው፣ ማጉያ ወይም ሚክሰር ወደሚቀበለው የሲግናል ደረጃም ያደርሰዋል። ስፒከር መግፋት የሱ ሥራ አይደለም። ያንን ሥራ ፓወር አምፕና የጊታር ካቢኔት (የስፒከር ሣጥን) ቢሠሩት ድምፁ ከሁሉ ያምራል፤ ግን ያው የሸሹት ሸክም ነው፣ አናቆይዎትም።

ቀለል ያለው መንገድ ኮምቦ አምፕ፣ ማለትም ማጉያውና ስፒከሩ በአንድ ሣጥን የሆነ አምፕ፣ ነው። ጀርባው ላይ «ሪተርን» የሚል መሰኪያ ካለው የፕሪአምፑን መውጫ እዚያ ይሰኩታል፤ የአምፑ የራሱ ፕሪአምፕ ይታለፍና ፓወር ክፍሉና ስፒከሩ ብቻ ይሠራሉ። ከፊት ለፊት ባለው የጊታር ኢንፑት ከሰኩት ግን ፕሪአምፕ በፕሪአምፕ ላይ ይደረባል። ድምፁ ይታፈናል፣ ሽሽታው ይበዛል፤ ጤነኛ ዕቃም «ሞቷል» ተብሎ የሚሸጠው በዚህ ዓይነት ስህተት ነው። ሲሰኩ የፕሪአምፑን አውትፑት ዜሮ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ይክፈቱ፤ የአንዳንድ ኮምቦ ሪተርን ለፔዳል ደረጃ ስለተሠራ የራክ ሲግናል በአንዴ ሲመጣበት ድምፁ ይሰነጣጠቃል።

ሠርግ ላይ ግን የሚጠብቅዎት ኮምቦ ሳይሆን ሚክሰርና ትልልቅ ስፒከር ነው፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ ራሱ ቆርጦ ያስቀረዋል። የሠርጉ ስፒከር ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ስላለው ሁሉንም ያወጣዋል። ዲስቶርሽን (ሻካራው የጊታር ድምፅ) በካቢኔት ማስመሰያ፣ ማለትም የጊታር ስፒከርን አቆራረጥ በሚያስመስል ዕቃ፣ ሳያልፍ በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ሲገባ ጣሳ ውስጥ የተዘጋ ንብ ይሆናል። የሚክሰሩን «ሃይ» እስከ ታች ቢያወርዱትም አይጠፋም፤ የሚክሰር ቶን የሚቆርጠው በዝግታ ነው፣ የጊታር ስፒከር ግን በድንገት ነው። ኤምፒ-1 ይህ ማስመሰያ የለውም፤ ኩባንያው ለዚሁ ሥራ ማይክሮካብ የሚባል ሌላ ዕቃ ለብቻው ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ማርሻል ጄኤምፒ-1 በአንጻሩ ጀርባው ላይ የስፒከር ማስመሰያ ያለው መውጫ አለው። ሻጩ ይዞ የመጣው እሱን ቢሆን ኖሮ ለሠርግ የምንመልስልዎት መልስ ሌላ ይሆን ነበር።

መፍትሔው ከፕሪአምፑ በኋላ ካቢኔት ማስመሰያ ማስገባት ነው። ለብቻው የሚሸጥ ፔዳል አለ፤ ወይም ትንሽ መልቲኢፌክት ወስደው የካቢኔቱን ክፍል ብቻ ከፍተው ሌላውን ሁሉ ይዘጋሉ። ያኔ «መልቲኢፌክቱ ካለኝ ፕሪአምፑ ለምኔ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነውር የለውም።

ወደ መብራቱ እንምጣ። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዕቃ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ይጠብቃል። ሻጩ «ሁለቱንም ይሠራል» ቢልዎት እንኳ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ እንዳይሰኩት። እንደ ስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ያገኘውን የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ራክ ላይ አይጠበቅም። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግድ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ተጓዦች ለፀጉር ማድረቂያ በሚይዟት ኮንቨርተር ነው። 1,600 ዋት ተጽፎባት መዳፍ ውስጥ ትገባለች። እሷ ሞገዱን ቆራርጣ ነው ቮልቱን የምታሳንሰው፤ ለሚሞቅ ሽቦ ትሆን ይሆናል፣ ፕሪአምፕን ግን ታንጫጫዋለች፣ ልታቃጥለውም ትችላለች። እውነተኛው ትራንስፎርመር ብረትና መዳብ ስለሆነ እጅ ላይ ይከብዳል። የፕሪአምፕ ፍጆታ ትንሽ ነው፤ ጀርባው ላይ 20 ወይም 30 ዋት የሚል ከሆነ በሐቀኝነት 100 ዋት የሚሸከም ትራንስፎርመር ይበቃዋል። የተጻፈበትን ዋት የማያምኑ ከሆነ 200 የሚለውን ይውሰዱ።

ኸርዙስ? ትራንስፎርመር ቮልት ያወርዳል እንጂ 50ውን 60 አያደርገውም። በፕሪአምፑ ውስጥ ባለው ትራንስፎርመር ብረት ላይ የሚያርፈውን ጫና ለመገመት ቮልቱን ለኸርዙ ማካፈል ነው። 120 ለ60 ሲካፈል 2 ይሆናል፤ ዕቃው የተሠራው ለዚህ ነው። 120 ለ50 ሲካፈል 2.4 ነው፤ ጫናው በ20 በመቶ ጨመረ፣ ብረቱ ይግላል፣ ያጉረመርማልም። 110 ለ50 ሲካፈል ግን 2.2 ነው፤ ይህ ይቻላል። ስለዚህ «አሜሪካ 120 ስለሆነ» ብለው 120 የሚያወጣ አይፈልጉ፤ 110ሩ ይሻላል። መስመሩ አንዳንድ ምሽት ወደ 240 ሲወጣ ደግሞ ያው 110 በራሱ ወደ 120 ያድጋል። ስታቢላይዘር ካለዎት ከትራንስፎርመሩ በፊት ይሁን። ትራንስፎርመሩን ገዝተው ቤት ሲገቡ ፕሪአምፑን ከመሰካትዎ በፊት መውጫውን በቴስተር ኤሲ ላይ ይለኩት፤ ባዶውን ሲለካ ትንሽ ከፍ ቢል አያስደንግጥዎ።

የአሜሪካው ሶኬት ሦስተኛ ክብ እግር አለው፤ ኧርዝ ነው። እምምም የሚለው ድምፅ ይቀንሳል ብሎ እሱን መቁረጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ገዳይም ነው። ጊታሩን በአንድ እጅ፣ ማይክሮፎኑን በከንፈርዎ ሲነኩ በሁለቱ መካከል ያለው የቮልት ልዩነት በእርስዎ በኩል ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቁልፉን ያጥፉ፤ ሲመለስ ወይም ሆቴሉ ጄኔሬተር ሲያስነሳ 5 ደቂቃ ቆይተው ያብሩ። ዕቃ የሚጎዳው መብራቱ በሄደበት ሰዓት ሳይሆን ሲመለስ በሚያንገጫግጨው ነው።

አሁን ሻጩ ቤት ገቡ እንበል። ዕቃውን አስቀድሞ እንዳያበራው፣ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቅዎት ይንገሩት። የተሰነጠቀ ሶልደርና የደከመ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) ከሞቀ በኋላ ሊደበቁ ይችላሉ። ጊታርዎን፣ ሁለት ኬብል፣ አንድ አጭር ኬብል፣ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪና አንድ ተራ እርሳስ ይያዙ። አንድ ሰዓት ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ፊውዙን አውጥተው ይዩት። በአልሙኒየም ወረቀት የተጠቀለለ ወይም በሽቦ የታሰረ ፊውዝ ካዩ ዕቃው አንድ ቀን አቃጥሎ ምክንያቱ ሳይታወቅ ነው «የተጠገነው»፤ አመስግነው ይውጡ። ሲያበሩት ማሳያው ቁጥሩን ሙሉ ሊያሳይ ይገባል። ከ1 እስከ 128 ያሉትን ፕሮግራሞች በቁልፎቹ ይለፉ። አንዱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሲጫኑት አንዴ ብቻ የሚሰማ፣ ወይም አንዴ ሲጫኑት ሁለት የሚዘል ከሆነ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ስዊች አርጅታለች። መለወጥ ይቻላል፤ ግን ክዳን ተከፍቶ፣ ቦርድ ወጥቶ ነውና ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ከዚያ አንድ ፕሮግራም ላይ ጌይኑን (የማጉላት መጠኑን) ቀይረው ይመዝግቡ፤ አጥፍተው፣ ሶኬቱን ነቅለው፣ ቡና እስኪፈላ ይቆዩ። መልሰው ሲያበሩት የመዘገቡት ከሌለ የውስጡ ባትሪ አልቋል ማለት ነው፤ ይህ ቀላል በሽታ ነው፤ ከታች ለሌላ ጠያቂ መልሰነዋል።

ድምፁን ሲያዳምጡ ኤምፒ-1 አንድ የሚያግዝዎት ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ ሦስት ዓይነት መንገድ ተሰጥቶታል፦ ዲስቶርሽን በቲዩብ (አምፖል በሚመስል የመስተዋት ማጉያ)፣ ክሊን (ጥርት ያለ ድምፅ) በቲዩብ፣ እንዲሁም ያለ ቲዩብ በትራንዚስተር ወገን ብቻ። በቲዩቡ መንገድ የሚሰማው መንጫጫት በትራንዚስተሩ መንገድ ከጠፋ ጥፋቱ የቲዩቦቹ ወይም የሶኬታቸው ነው፤ ርካሽ ጥገና ነው። በሦስቱም ከቀጠለ ነገሩ ከፓወር ሰፕላዩ ወይም ከመሰኪያዎቹ ስለሆነ ይጠንቀቁ።

የሚሰሙትን ድምፅ ዓይነት መለየትም ይቻላል፤ ጆሮዎ የጊታር ጆሮ ነውና አይከብድዎትም። የጊታሩን ቮልዩም ዘግተው የዕቃውን ጌይን ይክፈቱ። ሽሽሽ የሚለው በከፍተኛ ጌይን ያለ ነው፤ የዚህ ሞዴል ጠባይም ነው። እምምም የሚል ካለ ግን በወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለችውን ሶል ያሰሙ። እሷ 98 ኸርዝ ናት። እምምታው ከእሷ ሽራፊ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ 100 ኸርዝ ነው፤ ያ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች መድረቃቸውን ይጠቁማል፤ ከ35 ዓመት በላይ የቆየ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ቢደርቅ አይፈረድበትም። በኦክታቭ ዝቅ ካለ 50 ኸርዝ ነው፤ ያን ጊዜ ኧርዙን፣ ኬብሉን ወይም ጎን ያለውን ትራንስፎርመር ይጠርጥሩ። ማውረጃ ትራንስፎርመሩን ከፕሪአምፑ 1 ሜትር ሲያርቁት ከቀነሰ ዕቃው ጤነኛ ነው።

ሃያ ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ሻጩ ከፈቀደ ክዳኑ ይከፈት። ውስጡ ያለው ቮልት ቀልድ አይደለም፤ በበራበት ሰዓት አንድ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ፤ ብረት አይንኩ። ሁለት 12ኤኤክስ7 ቲዩቦች ያያሉ። ደብዘዝ ያለ ብርቱካናማ ፍም ውስጣቸው ሊኖር ይገባል። አናታቸው ላይ እንደ መስተዋት የሚያበራው ብርማ ቅብ ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቶበታል፣ ሞቷል። በእርሳሱ የላጲስ ጫፍ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉ፤ ትንሽ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ በሁሉም ላይ አለ፤ እንደ ደወል የሚጮህና የሚቆይ ከሆነ ግን ያ ቲዩብ መድረክ ላይ ከቤዙ ጋር ያፏጫል። የትኛው ቲዩብ እንደሆነ ካልለዩ አጥፍተው፣ አቀዝቅዘው ቦታቸውን ያለዋውጡ፤ ችግሩ ተከትሎት ከሄደ ቲዩቡ ነው፣ ባለበት ከቀረ ሶኬቱ ነው። የፕሪአምፕ ቲዩብ ሲለወጥ ባያስ (የቲዩቡን የሥራ ቮልት) ማስተካከል አያስፈልግም፤ ነቅሎ መሰካት ብቻ ነው።

አጭሩን ኬብል ከኢፌክት መላኪያው ወደ መመለሻው ይሰኩት። ኬብሉ ሲገባ ድምፁ የሚስተካከል፣ ሲወጣ የሚቆራረጥ ከሆነ የመሰኪያው ውስጥ ቅጠል ዝጓል፤ በኮንታክት ክሊነር ይድናል። ኮረሱን (ድምፁን የተባዛ የሚያስመስለውን ኢፌክት) ከፍተው የግራና የቀኙን መውጫ ለየብቻ ያድምጡ፤ አንዱ ዝም ካለ ስቴሪዮው ጠፍቷል።

የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ለሠርግ አይግዙት። ሠርግ ላይ ከ128ቱ ፕሮግራም የሚነኩት 4 ወይም 5 ነው፤ አብዛኛውም ክሊንና ኮረስ ነው፤ ያን መልቲኢፌክቱ ያለ ትራንስፎርመር፣ ያለ ሣጥን፣ በአንድ ቦርሳ ይሰጥዎታል። ባጃጅ ውስጥ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። የኮብልስቶን መንገድ መንቀጥቀጥ ቲዩብንና ያረጀ ሶልደርን አይምርም። ለሆቴሉ ግን፣ ሪተርን ያለው ኮምቦ እዚያው የሚያድር ከሆነና ፕሪአምፑም ተቆልፎበት እዚያው የሚቀር ከሆነ፣ ሁለቱም የሸጡባቸው ምክንያቶች ተፈተዋል፤ ይግዙት። በትዝታና በባቲ ላይ አንድ ድምፅ ይዞ የሚያለቅሰው የዚህ ዕቃ ዲስቶርሽን በእርግጥ ከጆሮ አይወጣም። በአንቺሆዬ ላይ ጌይኑን ዝቅ ያድርጉት፤ ቅኝቱ ውስጥ ያሉት የተጠጋጉ ድምፆች አብረው ሲመቱ ዲስቶርሽን ያደባልቃቸዋል፣ ጭቃ ይሆናል።

ዋጋው ላይ ሲደራደሩ የትራንስፎርመሩን፣ የሁለት ቲዩብ፣ የባትሪና የማቀፊያውን፣ የሚዲ ፉትስዊቹን (ፕሮግራሙን በእግር የሚቀይረውን) እና የሣጥኑን ወጪ ደምረው ይቅረቡ። ድምሩ ከነፕሪአምፑ ዋጋ የአዲሱን መልቲኢፌክት ዋጋ አንድ ጊዜ ተኩል ካለፈ ይተዉት። ዕቃው አሁን ያለው አዲስ አበባ ከሆነ ቲዩቦቹን ነቅለው ለየብቻ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ፤ 350 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን።

ጥያቄ፦ የኔ ፕሪአምፕ ሌላ ሞዴል ነው። ሁልጊዜ ሳበራው ያስቀመጥኩት ጠፍቶ የማይገባኝ ነገር ያሳየኛል። ጠጋኝ «ሜሞሪው ተቃጥሏል» አለኝ። እውነት ነው?
ሂርማታ አካባቢ፣ ጅማ

መልስ፦ ሜሞሪው ይቃጠል ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። በዚያ ዘመን ፕሪአምፖች ውስጥ ሜሞሪውን ሕያው አድርጋ የምታቆይ 3 ቮልት የሊቲየም ጠፍጣፋ ባትሪ አለች፤ በብዙዎቹ ላይ በሶልደር ከቦርዱ ጋር ተጣብቃለች። ሶኬቱን ነቅለው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ላይ ቮልት አለመቅረቱን በቴስተር ዲሲ አረጋግጠው ባትሪዋን ይለኩ። አዲስ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ትላለች። ከ2.8 በታች ከሆነች ቀኗ ቀርቧል፤ 2.5 ከሆነች ተጨማሪ ምርመራ አያሻም።

ስትወጣ የቀረው ነገር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጥቂት የተረፈ ፕሮግራም ካለ እያንዳንዱን ቁጥር በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ ኋላ አንድ በአንድ ይመልሱታል። መሣሪያው ፕሮግራሞቹን በሚዲ ወደ ኮምፒውተር መላክ የሚችል ከሆነ ደግሞ እሱ ይቀላል። የባትሪዋን ቁጥር ከላይዋ ያንብቡ፤ ሲአር2032 ከሆነች ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፣ የትም ሱቅ አለች። ሶልደሩን አቅልጠው አሮጌዋን ሲያነሱ አይጎትቱ፤ የቦርዱ መዳብ አብሮ ይላጣል። አዲሷን ባትሪ በቀጥታ በሶልደር ማጣበቅ ፈጽሞ አይሞከር፤ ሙቀቱ ያፈነዳታል። ማቀፊያ ይሰኩና ባትሪዋን በእጅ ያስገቡ፤ ቀጣዩ ለውጥ የ1 ደቂቃ ሥራ ይሆናል። ማቀፊያው በቦርዱ ቀዳዳ ልክ ካልገጠመ ሁለት አጭር ሽቦ አውጥተው ክዳኑ ላይ በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ያስቀምጡት፤ ፕላስና ማይነሱን ሁለቴ ይዩ።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ሲያበሩት ማሳያው ቢዘበራረቅ አይደንግጡ፤ ሜሞሪው ውስጥ ያለው ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። ሞዴሉ በሚጠይቀው ቁልፍ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመልሱት፤ አንድ ፕሮግራም መዝግበው ሶኬቱን ነቅለው ያሳድሩት። ጠዋት ከሌለ ጠጋኙ ትክክል ነበር።

ጥያቄ፦ 12ኤኤክስ7 አጥቼ የሚመስል ቲዩብ ከአሮጌ ሬዲዮ ላይ አገኘሁ። እግሩ ዘጠኝ ነው። ብሰካው ችግር አለው?
ከጅማ

መልስ፦ እግር መቁጠር አይበቃም። ኢሲሲ83 የሚል ከሆነ ያው 12ኤኤክስ7 ነው፣ ስሙ የአውሮፓ ነው፤ ይሰኩት። 12ኤቲ7 ይገጥማል፤ የማጉላት ኃይሉ ግን ከ100 ወደ 60 ይወርዳል። 12ኤዩ7ም ይገጥማል፣ 20 እንኳ አይሞላም፤ ዲስቶርሽኑ ይጠፋል። የማይሰካው ኢሲሲ88 እና የሩሲያው 6ኤን2ፒ ነው። የኋለኛው በድምፅ ለ12ኤኤክስ7 የቀረበ ነው፤ የማሞቂያው ሽቦ ግን 4 እና 5 ቁጥር እግር ላይ ለ6.3 ቮልት ብቻ የታሰረ ነው፣ 9ኛው እግር የማሞቂያው አይደለም። 12ኤኤክስ7 9ኛውን እግር የማሞቂያው መካከለኛ አድርጎ ነው የሚጠቀመው። ሶኬቱ በ4 እና 5 መካከል 12.6 ቮልት የሚሰጥ ከሆነ 6ኤን2ፒን ያቃጥለዋል፤ በሌላው አሰራር ደግሞ ጭራሹን አይበራም።

ጥያቄ፦ ክረምቱን ሙሉ ራኬን በላስቲክ ሸፍኜ ጥግ አስቀመጥኩት። መስከረም ላይ ስከፍተው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ በረሮም ገብቶበታል።
ጅረን፣ ጅማ

መልስ፦ ላስቲኩ ነው ያጠፋው። በጅማ ክረምት አየሩ ራሱ ውሃ ነው፤ ላስቲክ ያንን እርጥበት ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል። በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ከግድግዳና ከወለል ያርቁ፤ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጥቂት ሰብስበው ውስጡ ያድርጉ። በሳምንት አንድ ቀን ለ1 ሰዓት ያብሩት፤ የቲዩቡ ሙቀት ያደርቀዋል። አረንጓዴውን በ90 ወይም 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ፤ አንድ ቀን ሙሉ ሳይደርቅ አይሰኩ። ለዝገት የሚረጨው የጋራዥ ዘይት መሰኪያ ላይ አይረጭም፤ ቅባቱ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል። የበረሮው ፈሳሽ አሲድ አለውና እግሮቹ ሥር የደረቀ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ሳይጠርጉ እንዳያበሩት። ባዶ የራክ ቦታውን በጠንካራ ወንፊት ይዝጉት እንጂ በቆርቆሮ አይድፈኑት፤ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ፉትስዊቹ ላይ 5ን ስረግጥ ፕሪአምፑ 6 ላይ ይሄዳል። ፉትስዊቹ ተበላሽቷል?
ከጅማ

መልስ፦ አልተበላሸም። በሚዲ የሚላከው ቁጥር ከ0 እስከ 127 ነው፤ አንዱ መሣሪያ ያንን ሲያሳይ ሌላው 1 ደምሮ ከ1 እስከ 128 ያሳያል። የፉትስዊቹ ሴቲንግ ውስጥ ቁጥሩን ከ0 ወይም ከ1 የሚያስጀምር ምርጫ ካለ ይለውጡት፤ ከሌለ ፕሮግራሞቹን አንድ ቁጥር አሳልፈው ይመዝግቡ። ጨርሶ የማይታዘዝ ከሆነ ደግሞ የሁለቱ ቻናል አንድ ዓይነት መሆኑንና ኬብሉ ከፉትስዊቹ «አውት» ወደ ፕሪአምፑ «ኢን» መሄዱን ይዩ፤ ከ15 ሜትር በላይ የሆነ የሚዲ ኬብልም አይዘርጉ።